ፊልሙ ያቆየልን ዒድ

ከአፍጥር በኋላ ተራዊህ ተሰግዶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሻይ እየተቀዳ ብዙ ይወራል። እኛ ቤት ወሬው ሁልጊዜ የሚያበቃው በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ዙሪያ ነው። ክዳኗ የዛገ፣ ቀለሟ የለቀቀ ቆርቆሮ ናት። ብስኩቱ የተበላው እኛ ሳንወለድ ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ የያዘችው ፎቶግራፍ ነው። እናታችን ቆርቆሮዋን ከሣጥን አውጥታ ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ ትንሽ ትልቁ ይጠጋል። ስልክ የያዘውም ስልኩን ይደፋል።

ያደግነው ነፋስ መውጫ ነው። አያታችን የእስቴ መካነ ኢየሱስ ሰው ነበሩ፤ አክስታችን ደግሞ ስማዳ ወገዳ ተድራ ኖራለች። ስለዚህ በቆርቆሮዋ ውስጥ ያሉት ፊቶች ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተሰበሰቡ ናቸው። ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ከፎቶ ቤት በተዋሱት ኮት ውስጥ የጠፉ ወጣቶች አሉ። አንዳንዱን ፎቶ ስንገለብጠው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለመታሰቢያ ይሁንህ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማን ለማን እንደጻፈው የሚያውቁት አያታችን ነበሩ።

አባታችን ግን ከእነዚህ ሁሉ ፎቶዎች በአንዱም የለም። ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር። «ለመታወቂያና ለፓስፖርት ካልሆነ ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። በእርግጥም ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ለሐጅ ፓስፖርት ብሎ የተነሣው ብቻ ነው። እሱ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ያቺን ጉርድ ፎቶ በመስታወት አስገብተን አስቀመጥናት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ እናታችን ልጆችና ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች፤ መስታወቱ ግን ቀረ። ስንመለስ ወለል ላይ ወድቆ፣ የክረምቱ ዝናብ ገብቶበት፣ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አገኘነው። ልናላቅቀው ስንሞክር የፊቱ ግማሽ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያ ፊት ነው። ስለ ፊልምም ነው። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ቆይተን እንነግራችኋለን።

ሠላሳ ስድስት ብቻ

የዛሬ ልጆች ፊልም ሲባል የሚመጣላቸው በቴሌቪዥን የሚታየው ነው። ለእኛ ግን ፊልም ማለት በትንሽ ክብ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ብርሃን ካየ የሚሞት ነገር ነበር። አንዱ ጥቅል 24 ወይም 36 ፎቶ ያነሣል። ከዚያ በኋላ የለም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ጣቱን ከመጫኑ በፊት ያስባል፤ ተነሺውም ትንፋሹን ይይዛል።

በከተማችን የነበሩት ፎቶ አንሺ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። በአንገታቸው የምትንጠለጠለው ካሜራ ዜኒት ናት። ዜኒት በሞስኮ አቅራቢያ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከተማ የምትሠራ፣ ክብደቷ ድንጋይ የሚያህል፣ ስትነሣ «ቀጭ» የምትል የሶቪየት ካሜራ ነበረች። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን የገባች ሲሆን፣ ሥርዓቱ ካለፈም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየክፍለ ሀገሩ እንጀራ አብልታለች። ባትሪ ቢያልቅባት እንኳ ፎቶ ማንሣቷን አታቆምም። መብራት ለማይጸናበት አገር የተሠራች ይመስል ነበር።

ፎቶ ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። በር ላይ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያና መስታወት ይንጠለጠላል። ወደ ውስጥ ሲገባ ወንዝና ዛፍ የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የማይሠራ የስልክ እጀታና ለሁሉም የሚሆን ኮት ይገኛል። በዒድ ቀን ከሶላት በኋላ ተራው እስከ መንገድ ይደርሳል። በጥምቀትና በመስቀልም እንዲሁ ነው። ያው መጋረጃ፣ ያው አበባ፣ ያው ኮት ሁላችንንም አስተናግዷል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ነው። ለመታወቂያ የሚሆነውን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ጋሼ ራሳቸው በጓዳቸው ያጥቡታል። ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማይጎዳው ቀይ አምፖል ያበራሉ፤ ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ባዶ የነበረው ላይ መጀመሪያ ፀጉር፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፍ ይወጣል። አንድ ጊዜ አስገብተው ካሳዩን ወዲህ ያንን የመሰለ ነገር አላየንም። ባለ ቀለሙ ፊልም ግን 36ቱ እስኪሞላ ይጠበቅና በአውቶቡስ፣ ቻይናውያን በሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በዒድ የተነሣነው ፎቶ የሸዋል ወር ሊያልቅ ሲል ይደርስ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በበሩ እናልፋለን፤ ጋሼም ገና አፋችንን ሳንከፍት «አልመጣም!» ይላሉ።

ጥላን መያዝ

አባታችን ፎቶን የሸሸው ብቻውን አልነበረም። ፎቶግራፍ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ሲገባ ዓሊሞች በብርቱ ተነጋግረውበታል። አንዳንዶቹ በሐዲስ ከተወገዘው ምስል መሥራት ጋር አንድ አድርገው፣ እንደ መታወቂያ ላለ አስገዳጅ ነገር ካልሆነ አይፈቀድም አሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብጽ ሙፍቲዎች አንዱ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ፎቶ አንሺው አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ አላህ የፈጠረውን ሰው ጥላ ይይዛል እንጂ በማለት ፈቀዱ። አባታችን የመጀመሪያውን ወገን መረጠ። እናታችን ሁለተኛውን። በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሣ ሰምተን አናውቅም፤ በዒድ ቀን እሷ ልጆቿን ይዛ ወደ ፎቶ ቤት ትሄዳለች፤ እሱ ወደ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል።

ስለ ጥላና ብርሃን ከተነሣ፣ የካሜራ አባት ከሚባሉት አንዱ ሙስሊም ሊቅ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው። በበስራ እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የውጩን ነገር ገልብጦ ግድግዳ ላይ እንደሚያሳይ በሙከራ መርምሯል። የፀሐይን ግርዶሽ ቅርጽም በዚሁ መንገድ አጥንቷል። «ኪታቡል መናዚር» የተሰኘው ትልቁ መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ለዘመናት ተምረውበታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. 2015 ዓለም አቀፍ የብርሃን ዓመት ሆኖ ሲከበር ሥራውን ከፍ አድርጎ ዘክሮለታል። ካሜራ ማለት እንግዲህ ያው ጨለማ ክፍል ነው፤ የተጨመረበት ሌንስና ጥላውን ይዞ የሚያስቀር ፊልም ነው።

ወደ ሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች ካሜራ ይዞ የገባውና ሥራው የታወቀው የመጀመሪያው ሰውም ሙስሊም ነው። የግብጽ ጦር መኮንን የነበረው ሙሐመድ ሳዲቅ በይ መዲናን እ.ኤ.አ. በ1861፣ መካን ደግሞ በ1880 አካባቢ ፎቶ አንሥቷል። ዛሬ ሑጃጆች ካዕባን በስልክ ሲያነሡ እሱ በከባድ ሣጥንና በመስታወት የጀመረውን እየቀጠሉ ነው።

ከደብረ ታቦር የተነሣው ልጅ

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንት ደጋ፣ በጨጨሆ በኩል ነው ያለፉት። እሳቸው እንኳ ፎቶግራፍ የላቸውም፤ መልካቸውን የምናውቀው በሥዕል ነው። ተከትሎ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዞ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የመሐንዲሱ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ተራራውንና ሰፈሩን አንሥተዋል።

በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር የተወለደው የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፈች። እንግሊዝ እንደደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። በዚያ ጊዜ ፎቶ የሚነሣው በእርጥብ መድኃኒት በተቀባ መስታወት ስለነበር ተነሺው ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። ልጁ ያንን ሁሉ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ተቀምጧል። ፎቶውን ያየ ሰው ዓይኖቹን አይረሳም።

ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ተጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም ብሏል። አጽሙ እስኪመለስ ለእኛ የደረሰን ፊቱ ነው። ከደቡብ ጎንደር ለተነሣ አንድ ልጅ ፊት ከ150 ዓመት በላይ መቆየት የቻለው ብርሃኑ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ላይ ስላረፈ ነው። እኛ ስለ አሮጌ ፎቶ ስናስብ መጀመሪያ የሚመጣልን ይህ ልጅ ነው።

ካርቶኑ

አሁን ወደ አባታችን። ባለፈው ሻዕባን የጋሼ ልጅ ደወለልን። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ቤቱን ፎቶ ኮፒና የስልክ ዕቃ መሸጫ አድርጎታል። «ቤቱን ላድሰው ነው። የአባቴ ኔጋቲቮች በካርቶን ሞልተዋል። መጣል ከብዶኛል፤ የቤተሰባችሁን ፈልጋችሁ ውሰዱ» አለን።

የሄድነው የጉርዱን ኔጋቲቭ ፍለጋ ነበር። ካርቶኖቹ አራት ናቸው። ሁለቱን እርጥበት በልቷቸዋል፤ ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቋንጣ ደርቋል። በቀሩት ውስጥ ፊልሞቹ በአራት በአራት እየተቆረጡ ፖስታ ውስጥ ገብተዋል፤ በየፖስታው ላይ በጋሼ እጅ ወርና ዓመት ተጽፏል። አንድ ቀን ሙሉ እየጾምን መስኮት ላይ እያነሣን አየን። በኔጋቲቭ ሁሉም የተገለበጠ ነው፤ ነጭ ሽሮ የመሰለ ፀጉር፣ የጠቆረ ጥርስ። የከተማው ሰው ሁሉ በዚያ ነበር፤ ሠርጉም፣ ጥምቀቱም፣ ዒዱም፣ ለመታወቂያ የተሰለፈውም። ጉርዷን አላገኘናትም። ከተበላሹት መካከል ሳትሆን አትቀርም።

የተገኘው ሌላ ነው። ፖስታው «የካቲት 88» ይላል። በዚያ ዓመት ዒደል ፊጥር የዋለው በየካቲት ነበር። በቆርቆሮዋ ውስጥ የዚያን ቀን ፎቶ አለን፤ እናታችን፣ አያታችንና እኛ አራታችን በወንዙ መጋረጃ ፊት። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ ስናየው ግን የእኛ ፎቶ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። በሁለተኛው ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆመናል፤ እሱ ነው የታተመው። በመጀመሪያው ከበሩ በኩል አንድ ረጅም ሰው ገብቷል። አንድ እጁን አንሥቷል። ስለተንቀሳቀሰ ፊቱ ትንሽ ደብዝዟል።

ለእናታችን ስናሳያት ወዲያው አወቀችው። «ዙህር ደረሰ፤ ኑ ሊላችሁ መጥቶ ነው» አለች። «ጋሼም ‹አበላሸህብኝ› ብለው ሳቁ። እሱ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ እሳቸውም እንደገና አነሡን።» ቀጥላም ዝም አለች።

እኛ ያን ቀን አናስታውስም። ትልቃችን ስድስት ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ግን አልረሳም። ዛሬ ቢሆን ያቺ ፎቶ በዚያችው ደቂቃ «ተበላሽታለች» ተብላ ትጠፋ ነበር። በፊልም ላይ የተነሣ ነገር ግን አይጠፋም፤ ቢበላሽም ከደህናው ጎን ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከ36ቱ አንዱ ነውና ቆርጦ መጣሉም ትርፍ የለውም። ጋሼ አንድ ፊልም ባከነብኝ ብለው ያዘኑባት ፎቶ፣ ለእኛ አባታችን ከቤተሰቡ ጋር የታየባት ብቸኛዋ ፎቶ ሆነች።

ስልኩስ?

ስልክን ለማማት አይደለም የተነሣነው። ያንን ኔጋቲቭ ወደ ፎቶ የመለሰልን ስልክ ነው። የአንዱን ስልክ ስክሪን ነጭ አድርገን ኔጋቲቩን ከፊቱ ያዝን፤ በሌላው ስልክ አነሣነው፤ ከዚያ ቀለሙን በሚገለብጥ አፕሊኬሽን ገለበጥነው። አባታችን ከብርቱካናማው ፊልም ውስጥ በሰማያዊ ሸሚዙ ወጣ። ለዚህ ባሕር ዳር ድረስ መላክ አላስፈለገም።

የዲጂታል ካሜራ ሐሳብም ቢሆን የወጣው ከዚያው ከፊልሙ ቤት ነው። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ኩባንያው በፊልም ሽያጭ ሀብታም ስለነበር ነገሩን ችላ አለው፤ ጊዜው ደርሶ ገበያው ሲገለበጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከኪሳራ ለመዳን ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ፊልም ግን አልሞተም። ዛሬም ይመረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንኳ ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ ለገበያ አቅርቧል። ገዢዎቹ በአብዛኛው በስልክ ዘመን ያደጉ ወጣቶች ናቸው። በአገራችንም አሮጌ ፎቶ ዋጋ ማግኘት ጀምሯል። በአዲስ አበባ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸው የድሮ ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ታትመዋል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላየንም። የእኛ መጽሐፍ በየቤቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።

ስልክ የጎደለው ነገር ሌላ ነው። ከእኛ አንዱ ያለፉትን ሁለት ረመዳኖች ፎቶ በስልኩ ይዞ ነበር፤ ከአንድ ሺህ በላይ። ስልኩ አውቶቡስ ውስጥ ጠፋ፤ ፎቶዎቹም አብረው ሄዱ። አያታችን የመጨረሻውን አፍጥር ከእኛ ጋር ሲያፈጥሩ የተነሡት ከዚያ ውስጥ ነበር። ከሺህ ውስጥ አንዱንም አላሳተምንም። የጋሼ ካርቶን ሠላሳ ዓመት ሲቆይ፣ የእኛ ሺህ ፎቶ ሁለት ዓመት አልቆየም።

ከዒድ በፊት

የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ረመዳን በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ዞሮ ይመለሳል። ዘንድሮም ወደዚያው ወደ የካቲት ወራት ተመልሷል። ዘመድ የሚሰበሰብበት ወር ነውና፣ እኛ የተማርነውን ጥቂት ነገር ለእናንተም እናካፍል።

በመጀመሪያ ቆርቆሮውን ወይም አልበሙን በሕይወት ካሉት አዛውንት ፊት ክፈቱት። ፎቶ ስም የለውም፤ ስሙን የያዘው የሚያውቀው ሰው ነው። ከአያታችን ጋር ስማቸው የሄደ አሥራ አንድ ፊቶች በቆርቆሮዋ ውስጥ አሉን። እያንዳንዱን ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሣ ጠይቃችሁ ከኋላው ለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ያበላሻል።

ፎቶውን በጠርዙ ያዙ እንጂ ፊቱን በጣት አትንኩ። ደረቅና ቀዝቃዛ፣ ብርሃን የሌለበት ቦታ አስቀምጡት። ጥቁርና ነጩ በብር የተሠራ ስለሆነ ይጸናል፤ ባለ ቀለሙ ግን ብርሃን ሲያየው ይደበዝዛል፣ ይቀላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ይቀመጥ። በሚጣበቅ ገጽ ያላቸውን አልበሞች አትመኑ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ እንደ እኛ በኃይል አታላቅቁ፤ ከነመስታወቱ በስልክ አንሡት።

ለቅጂ የስልክ ፍላሽ አታብሩ። ፎቶውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጋችሁ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው መስኮት አጠገብ ከላይ አንሡ። ቅጂውን ከአንድ ስልክ በላይ አስቀምጡ፤ ለራቀ ዘመድም ላኩ። ኔጋቲቭ ካላችሁ ከፎቶው ይልቅ እሱን ጠብቁ። በከተማችሁ የድሮ ፎቶ ቤት ካለም ካርቶኑ ሳይጣል ጠይቁ። ዒድ ሲደርስ ደግሞ በስልክ ከምታነሡት መቶ ፎቶ አንዱን አሳትሙ፤ ከኋላው ስምና ዓመተ ሂጅራ ጻፉበት።

እኛም የየካቲት 88ን ፎቶ አሳትመናል። በመስታወት ሊገባ ነበር፤ እናታችን እምቢ አለች። «ቤት ውስጥ ምስል መስቀል አይወድም ነበር። እሱ ያልወደደውን አላደርግም» አለች። እንዳለችው ሆነ። ፎቶው በወረቀት ተጠቅልሎ በቆርቆሮዋ ውስጥ ተቀመጠ። በዒድ ቀን፣ ሶላት ተሰግዶ ዘመድ ሲሰበሰብ ይወጣል፤ ልጆቻችን እጁን ያነሣውን ሰው ያያሉ፤ ዱዓ ይደረግለታል፤ ከዚያ ይመለሳል።

አላህ ለሙታኖቻችን ይማርልን። ፆማችንን ይቀበለን። ለዒዱም በሰላም ያድርሰን።